የሚዘሉ ገጾች

እ.ኤ.አ. በ1993 ማርክ አንድሪሰን ድረ ገጽ ላይ ምስል የሚያስገባ ኮድ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። ምስል ግን ከጽሑፍ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሲደርስም ከሥሩ ያለውን ገፍቶ ያወርዳል። መላው ቀላል ነበር፦ ስፋቱና ቁመቱ አስቀድሞ ከተጻፈ አሳሹ ቦታ ይይዝለታል።

በ2010 ኤታን ማርኮት ከስልክም ከኮምፒውተርም ስክሪን ጋር የሚስማማ አሠራር ካስተዋወቀ በኋላ ብዙ ባለሙያዎች ልኬቱን መጻፍ ተዉ። የገጹ ዝላይ ተመለሰ፣ ያውም ከማስታወቂያ ጋር። ተጠቃሚው «ሰርዝ» የሚለውን ሊነካ ጣቱን ሲሰድ፣ ገጹ ወርዶ «ክፈል» የሚለው ከጣቱ ሥር ይገባል። ይህ የሰው ገንዘብ የሚነካ በደል ነው።

በ2019 መጨረሻ አሳሾቹ ፋየርፎክስና ክሮም ከተጻፈው ልኬት የስፋትና የቁመት ምጥጥኑን አስልተው፣ እንደ ስክሪኑ ለሚሰፋና ለሚጠብ ምስልም ቦታ መያዝ ጀመሩ።

በ2020 ጉግል ዝላዩን በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ ለባለ ድረ ገጾች አቀረበ። የስክሪኑን 40 በመቶ የያዘ ጽሑፍ በስክሪኑ 20 በመቶ ወደ ታች ቢወርድ፣ የቀድሞውና የአዲሱ ቦታ በአንድነት 60 በመቶ ይሸፍናል፤ 0.6 በ0.2 ሲባዛ 0.12 ይመጣል። ጥሩ የሚባለው ከ0.1 የማይበልጠው ነው። መጀመሪያ ላይ ዝላዩ ሁሉ ይደመር ስለነበር ለረጅም ሰዓት ተከፍተው የሚቆዩ ገጾች ያለ አግባብ ተጎዱ። በ2021 ተስተካክሎ፣ ቢበዛ 5 ሰከንድ ከሚረዝሙት የዝላይ ጊዜያት የከፋው ብቻ እንዲቆጠር ተደረገ።