መቅደላ በለንደን ጋዜጣ ሥዕል

ምሽግ ከብቦ የያዘ መንግሥት ድሉን በሥዕል ማስወራቱ በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። ብሬዳ የተባለችው ከተማ በ1625 እ.ኤ.አ. ለእስፓኝ ጦር እጅዋን ስትሰጥ፥ ገዢዪቱ ኢዛቤላ ከበባውን ዣክ ካሎ በተባለ ሠዓሊ በመዳብ ላይ አስቀርጻለች።

ይህ ልማድ ወደ አገራችንም መጥቷል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከቆቦ በስተ ሰሜን በአሻንጌ ሐይቅ በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ፥ ከህንድ ከመጡት 44 ዝሆኖች ሌላ ሥዕል የሚነድፉ መኮንኖችም አብረው ነበሩ። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ በጋዜጣ አይታተምም። ስለዚህ ንድፉ በመርከብ ለንደን ይደርሳል፤ በጠንካራ እንጨት ላይ ይገለበጣል፤ እንጨቱም ተከፋፍሎ ለብዙ ቀራጮች ይታደላል፤ ሲያልቅ ተገጣጥሞ በ«ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ይወጣል። መቅደላን የቀረጹት መቅደላን ያላዩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው! ዘመቻው 9 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ስለ ፈጀ፥ ከፋዩ ሕዝብ ታላቅ ጦርነት ማየት ሳይሻ አልቀረም እንላለን።

ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። በስቅለት ዕለት፥ ሚያዝያ 3 ቀን፥ በአሮጌ ሜዳ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ነበሩ። ከዚያ ወዲያ አብዛኛው ጦር ተበተነ። በፋሲካ ማግሥት በሩ ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ ከጥቂት ታማኞቻቸው ጋር ነበሩ፤ ሽጉጣቸውንም ጠጡ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ የሞቱትን ንጉሥ ፊት በወረቀት ነደፈ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ለሙዚየሙ ሰበሰበ። እነዚያ መጻሕፍት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።