ከ«ውርድ ከራሴ» እስከ «ኀላፊነቱን አንወስድም»፤ ስለ ቢላዋ ማስጠንቀቂያ ቃላት

ከውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣ ቢላዋ ብዙ ጊዜ በማሸጊያው ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። አንደኛው ስለቱ እንደሚቆርጥ የሚያስታውቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ካለአገባቡ ተሠርቶበት ለሚደርስ ጉዳት አምራቹ እንደማይጠየቅ የሚናገር ነው። የመጀመሪያው በአማርኛ «ማስጠንቀቂያ»፣ ሁለተኛው «ኀላፊነቱን አንወስድም» ተብሎ ይመለሳል። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ቋንቋችን ለዚሁ ጉዳይ የራሱ አነጋገር እንዳለው ያስረሳል። በዚህ ጽሑፍ ያንን አነጋገር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበያዎች ከሚሸጠው ብረት ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

አስቀድመን ስለ ብረቱ ስሞች ጥቂት እንበል። ምላጭ ከ«ላጨ»፣ ማጭድ ከ«ዐጨደ»፣ የግእዙ መጥባሕት ከ«ጠብሐ» ማለት ከ«አረደ» የወጡ ናቸው፤ ሦስቱም የሚናገሩት ሥራቸውን ነው። «ስለት» የሚለው ቃል ግን የሚያመለክተው ከሥራው ይልቅ አደጋው ያለበትን አፍ ነው። የዚህ ቃል ታሪክ ከሌሎቹ የበለጠ የተወሳሰበ ነው። ዛሬ «ሳለ» ስንል ቢላዋ የሚስለውን፣ ሥዕል የሚሥለውንና ጉንፋን ይዞት የሚስለውን ሰው በአንድ ድምፅ እንጠራለን። ግእዙ ግን ለያይቷቸዋል፤ ለብረቱ ሰሐለ፣ ለሥዕሉ ሠዐለ፣ ለጉንፋኑ ሰዐለ ይላል። ራስ ሚካኤል «ስሑል» መባላቸውም ከመጀመሪያው ግሥ ነው፤ የአእምሯቸውን ስለት ለማመልከት የተሰጠ ስም ነው። በዚህ ላይ «ለመነ» ከሚለው ሰአለ የወጣው ስእለት በአነጋገር «ስለት» እየተባለ ይጨመራል። «ስለት አለብኝ» ያለ ሰው ለታቦት የገባውን ቃል ይናገራል፤ «ስለት አለው» የተባለ ዕቃ ግን ይቆርጣል። ስለዚህ ቢያንስ በጽሑፍ ስእለትን ከነ«እ»ው መጻፍ ተገቢ ይመስለናል።

ቀጥቃጭ የሠራው ቢላዋ ጽሑፍ የለበትም። የጽሑፉን ቦታ የያዘው አፎቱ ነው፤ «ቢላዋ ካፎቱ፣ ሰው ከቤቱ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ብረቱ የት መዋል እንዳለበት ያስታውቃል። የቀረውን ሻጩ በአፉ ይናገራል፤ ገዢውም ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ እጀታውን ነቅንቆ፣ ብረቱን አንኳኩቶ ይመረምራል። (የሚያሳዝነው፣ በአገራችን ረጅሙ ማስጠንቀቂያ የተነገረው በቢላዋው ላይ ሳይሆን በሠራው ሰው ላይ መሆኑ ነው። ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባለ ዐይኑ ከስለቱ ይልቅ ሲፈራ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ ከአፍ ቶሎ አልወጣም።)

ወደ ዋናው ሐረግ እንምጣ። «አያ እገሌ፣ ይህ ብረት ለአጥንት አይሆንም፤ ቢሰበር ውርድ ከራሴ» ቢባል ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ይረዳዋል። «ውርድ» ከ«ወረደ» የወጣ ስም ነው፤ የሚወርደውም ዕዳው ነው፤ የሚወርድበትም ቦታ ራስ ነው። ጥፋትን ወይም ደምን በራስ ላይ እንደ ተቀመጠ ሸክም መቍጠር በመጽሐፍ ቅዱስም የታወቀ አነጋገር ነው።

ከቃሉ ፍች ይልቅ ግን መመልከት ያለብን የአነጋገሩን ሥርዐት ነው። «ውርድ ከራሴ» ብቻውን አይቆምም። ከፊቱ ምክር መኖር አለበት፤ «ብነግረው ብነግረው አልሰማ አለኝ» ያለ ሰው ነው ሊለው የሚችለው። ሳይመክር የሚለው ቢኖር አድማጩ «መቼ ነገርኸኝ?» ብሎ ያስቆመዋል። በሌላ አነጋገር ማስጠንቀቂያውና ከኀላፊነት መውረዱ በአንድ ዐረፍተ ነገር የታሰሩ ናቸው፤ ሁለተኛው የሚጸናው አንደኛው ሲፈጸም ብቻ ነው። ደግሞም ተናጋሪው «ራሴ» ይላል፤ ፊቱ ይታያል፤ በሚቀጥለው ገበያም በዚያው ቦታ ይገኛል። «አንወስድም» የሚለው የማሸጊያ ጽሑፍ ግን የማን «እኛ» እንደ ሆነ አይታወቅም።

ይህ የልማድ ሐሳብ ከሕግ የራቀ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 የተዋጊ በሬ ባለቤት ቅጣት የሚከብደው አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ሲቀር ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ፣ በቁጥር 2085፣ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን ደንግጓል፤ ጉድለቱ በልማድ በሚደረግ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ግን ኀላፊነት እንደማይኖር ጨምሮ ያመለክታል። የእስቴ ገዢ በአውራ ጣቱ የሚያደርገው ምርመራ እንግዲህ በሕግም ዋጋ አለው ማለት ይቻላል። የአሜሪካን ፍርድ ቤቶችም ቢላዋ መቁረጡ ለማንም ግልጥ ስለ ሆነ ይህን ብቻ አለመናገር አምራቹን እንደማያስጠይቅ በጠቅላላው ተቀብለዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለቃል አውጪ ጠቃሚ ነው። «ስለታም ነው» የሚል ጽሑፍ ለገዢው የሚያውቀውን መልሶ ይነግረዋል። ሊነገረው የሚገባው ጣት የማይደርስበት ነው፤ ይኸውም ብረቱ እጀታው ውስጥ ምን ያህል እንደ ገባ፣ በፈላ ውሃ ሲታጠብ እጀታው ይላቀቅ እንደ ሆነ፣ አጥንት ሲመታ ይሸረፍ እንደ ሆነ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ያልፋል። በእንዲህ ያለ መንገድ የሚደርስ የፋብሪካ ቢላዋ ሻጩን እንጂ ሠሪውን ይዞ አይመጣም፤ ማሸጊያው በባዕድ ቋንቋ ከተጻፈ ደግሞ ምክሩ ሳይሰማ ውርዱ ብቻ ተነገረ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት መስጠቱ ይህን ክፍተት ይነካል።

ስለሆነም «ማስጠንቀቂያ» እንዳለ እንዲቆይ፣ ለሁለተኛው ጽሑፍ ግን «የውርድ ቃል» የሚል ስያሜ እንዲሰጠው ሐሳብ እናቀርባለን። «ውርደት»ን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሥሩ አንድ ቢሆንም «ውርድ ከራሴ»ን የሚሰማ ሰው ውርደትን አያስብም። አጻጻፉም ምክሩን አስቀድሞ ውርዱን የሚያስከትል ይሁን፤ «ይህ ቢላዋ ለአጥንትና ለእንጨት አይሆንም፤ ለእነዚህ ሲሠራበት ቢሰበር ሠሪው አይጠየቅም» እንደሚለው።