ዜና ኳስ ዘአሜሪካ፦ የሆነውና ሊሆን ሲል የቀረው

ይህ ዜና በአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል ላይ የሆነውን፣ ሊሆን ሲልም የቀረውን የሚናገር ነው። ፉትቦል ያልነው በእግር የሚለጋውን የእኛን ኳስ አይደለም፤ ሁለት ጫፉ የሾለውን ኳስ ታቅፈው የሚሮጡበትን፣ የሚወረውሩበትን፣ ሰው በሰው ላይ የሚወድቅበትን ጨዋታ ነው። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፏል። ብዙ ሰው «ያ ቀን እንዲህ ባይሆን ኖሮ» ሲል የሚያስታውሰው የሳተውን ምት፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ያመለጠውንም ድል ነው። እኔ ግን የጨዋታው ዕጣ በጉባኤ አዳራሽና በግንብ ሥራ ሲቆረጥ አግኝቼዋለሁና በዚያ በኩል እጽፋለሁ። የሆነውን እንደ ሆነ አኖራለሁ፤ ያልሆነውንም አንባቢ እንዳይቀላቅለው «ቢሆን ኖሮ» እያልኩ እለየዋለሁ።

በኖቬምበር 6 ቀን 1869 የረትገርስና የፕሪንስተን ተማሪዎች በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኒው ብራንስዊክ ከተማ ገጠሙ። ከየወገኑ 25 ሰው ተሰለፈ። ኳሱን ይዞ መሮጥ አልተፈቀደም ነበር። ረትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል ልደቱን የሚቆጥረው ከዚህ ቀን ነው፤ ያን ግጥሚያ ያየ ሰው ዛሬ ቢነሣ ግን ከዛሬው ፉትቦል ይልቅ የእኛን እግር ኳስ ለይቶ ባወቀው ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 1873፣ የዬል፣ የፕሪንስተንና የረትገርስ መልእክተኞች በኒው ዮርክ ፊፍዝ አቬኑ ሆቴል ተሰብስበው ለሁሉ የሚሆን አንድ ሕግ ጻፉ፤ ሕጉም የእግር ኳስ ዓይነት ነበር። ሃርቫርዶችም ተጠርተው ነበር፤ አልመጡም። በእነርሱ ዘንድ የቦስተን ጨዋታ የሚባል ነበረ፤ በዚያም ኳስ አንሥቶ መሮጥ የተፈቀደ ነበርና የራሳቸውን ትተው የሌላውን መያዝ አልወደዱም።

እምቢ በማለታቸውም ከጎረቤት የሚገጥማቸው አጡ። ስለዚህ ከሞንትሪያል፣ ከካናዳ የመጡትን የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀበሉ። በሜይ 14 ቀን 1874 በካምብሪጅ ከተማ በሃርቫርድ ሕግ ተጫወቱ፤ ሃርቫርድም ድል አደረገ። በማግስቱ በማክጊል ሕግ፣ ማለት በራግቢ ተጫወቱ፤ ያለ ግብ ተለያዩ። ሃርቫርዶች ግን ድል ካደረጉበት ይልቅ እኩል የወጡበትን ጨዋታ ወደዱት። በሚመጣው ዓመት ከዬል ጋር ወደ ራግቢ ባደላ ሕግ ገጠሙ፤ ያን ግጥሚያ ቆመው ያዩ የፕሪንስተን ሰዎችም ልባቸው ወደዚያው አዘነበለ። በኖቬምበር 1876 ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኮሎምቢያ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በማሳሶይት ሃውስ ተሰብስበው የራግቢን ሕግ መሠረት አደረጉ።

እነሆ የመጀመሪያው መንታ መንገድ ይህ ነው። በ1873 አንድ የሃርቫርድ መልእክተኛ ባቡር ተሳፍሮ ኒው ዮርክ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ማክጊልን መጥራት ባላስፈለገ ነበር። ታላላቆቹ ኮሌጆች ኳስን በእግር እየመቱ ያድጉ ነበር፤ ከእነርሱ ተመርቀው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ የሄዱት መምህራንም ይዘውት የሚሄዱት ይህንኑ ነበር። በ1930 በኡራጓይ በተደረገው በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አሜሪካ ታላላቆቹን ኮሌጆች ሳትይዝ፣ ከሠራተኛ ሰፈሮችና ከስደተኛ ክለቦች በወጡ ተጫዋቾች እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። የዬልና የሃርቫርድ ገንዘብ፣ የመካከለኛው ምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎችም ሜዳ ከኋላዋ ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ወደ ሰሜን በተሻገረ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ከዚህ በኋላ ዎልተር ካምፕ የሚባል የዬል ልጅ ተነሣ። በ1880 ኳሱ የሚነሣበትን መስመር አስወሰነ፤ ተሰላፊውንም ወደ 11 አወረደ። በ1882 ደግሞ አንዱ ወገን ኳሱን እንደያዘ ሰዓቱን እንዳይጨርስ፣ በሦስት ሙከራ 5 ያርድ ያልገፋ ኳሱን ይልቀቅ የሚል ሕግ ቆመ። ብልህ ሕግ ነበር፤ ያላሰቡት መዘዝ ግን ተከተለው። አምስቷን ያርድ ለማግኘት ከሁሉ የሚያዋጣው ተቃቅፎና ተደራርቦ በአንድ ሰው ላይ መውረድ ሆነ። በ1892 ሃርቫርድ በዬል ላይ ያወጣው «በራሪው ሽብልቅ» የዚህ ግፊያ ጫፍ ነበር፤ ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ ባንድ ላይ የሚገጥም ሰልፍ ነው። እርሱ ቶሎ ቢከለከልም የጅምላው ግፊያ አልቀረም። ራስን የሚከልል ቆብ መልበስም በሕግ ግዴታ አልነበረም።

በዚያም ዘመን ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዝዳንት ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1903 ሮበርት ስኪነርን ወደ አዲስ አበባ ልከው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ያዋዋሉት ናቸው። በሃርቫርድ የተማሩ፣ ፉትቦልንም የሚወዱ ሰው ነበሩ። በኦክቶበር 9 ቀን 1905 የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ወደ ዋይት ሃውስ ጠሩ፤ ካምፕም፣ የሃርቫርዱ አሠልጣኝ ቢል ሪድም በዚያ ነበሩ። ጨዋታው ከተንኮልና ከጭካኔ እንዲጸዳ አሳሰቧቸው፤ እነርሱም ሕጉን ሊያከብሩ በጽሑፍ ቃል ገቡ። በዚያው ወራት የፕሬዝዳንቱ ልጅ በሃርቫርድ የአንደኛ ዓመት ቡድን ተሰልፎ ከዬል ጋር ሲጫወት አፍንጫው ተሰበረ።

ቃሉ ግን ሞትን አላስቀረም። የጨዋታው ወራት ሲያልቅ ቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ 18 ሰው እንደ ሞተ፣ 159 ሰውም ክፉኛ እንደ ተጎዳ ቆጥሮ አወጣ። ከሟቾቹ የሚበዙት ገና ኮሌጅ ያልገቡ፣ ታላላቆቻቸውን አይተው የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። በኖቬምበር 25 ቀን አንድ የዩኒየን ኮሌጅ ተማሪ ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወት ራሱን ተመትቶ ሞተ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሄንሪ ማክራከን ይህ በደረሳቸው ጊዜ ወደ ሃርቫርዱ ፕሬዝዳንት ወደ ቻርልስ ኤልየት ላኩ፤ የኮሌጆችን ጉባኤ እንዲጠሩ ለመኗቸው። ኤልየት ፉትቦልን ሲያወግዙ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ጉባኤ ለመጥራት ግን እምቢ አሉ። ስለዚህ ማክራከን ራሳቸው ጠሩ።

በዲሴምበር መጀመሪያ የ13 ኮሌጆች መልእክተኞች በኒው ዮርክ ተሰበሰቡ። ጨዋታው ይቅር ወይስ ይታደስ ተብሎ ተመከረ፤ ይቅር ያሉት በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ከ60 የሚበልጡ ኮሌጆች ተሰብስበው አዲስ ማኅበር መሠረቱ፤ ይህም ማኅበር በ1910 ስሙን ለውጦ ዛሬ ኤንሲኤኤ የሚባለው ሆነ።

በዚህ ቦታ ብዙ አስቤአለሁ። በዚያ በጠበበው ድምፅ ይቅር ያሉት ቢረቱ ኖሮ እንኳ ዬልና ፕሪንስተን መጫወታቸውን አይተዉም ነበር፤ የ13ቱ ቃል በእነርሱ ላይ ሥልጣን አልነበረውምና። ነገር ግን ጉባኤውን የጠሩት ኤልየት ቢሆኑ ኖሮ፣ የሃርቫርድም ስም በውሳኔው ራስ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት ፉትቦልን ተወች። የሃርቫርድ አስተዳዳሪዎችም ሕጉ ካልተለወጠ እናቆማለን ብለው ነበር። ኤልየት የማክራከንን ልመና ተቀብለው ቢሆን ኖሮ የ1906 የጨዋታ ወራት ምናልባት በብዙ ሜዳዎች ላይ ባዶ ባለፈ ነበር። ጨዋታውን ከሁሉ አብልጠው የጠሉት ሰው፣ እምቢ በማለታቸው አዳኙ ሆኑ።

ከዚህ በኋላ የሕጉ ክርክር ተነሣ። ሪድ ካምፕ ካለበት ከአሮጌው የሕግ አውጪ ሸንጎ ወጥቶ ወደ አዲሱ ማኅበር ሸንጎ ተሻገረ፤ ሁለቱም በአንድነት እንዲቀመጡ ግድ ሆነ። ግፊያውን ለመበተን ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ የሜዳውን ወርድ በ40 ጫማ እናስፋ፣ ሰው በሜዳው ላይ ይበተን የሚል ነበር። ሁለተኛው ኳስን ወደ ፊት መወርወር ይፈቀድ፣ ፎርዋርድ ፓስ ይግባ የሚል ነበር፤ አሠልጣኙ ጆን ሃይዝማን ይህን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲለምን ነበር፣ ካምፕ ግን አይወደውም ነበር።

በሃርቫርድ ግን በ1903 ተሠርቶ ያለቀ ታላቅ ስታዲየም ነበረ፤ ሥራው ሁሉ አርማታ ነው። መቀመጫዎቹ በሜዳው ዳር ዳር ተተክለዋልና ሜዳው 40 ጫማ ይስፋ ከተባለ ግንቡን ማፍረስ ግድ ነው። እንዲህም የሜዳው መስፋት ቀረ፤ ወርዱ እስከ ዛሬ 160 ጫማ ነው። ወደ ፊት መወርወርም ተፈቀደ፤ 5 ያርዱም በሦስት ሙከራ ወደ 10 ያርድ ከፍ አለ።

የሃርቫርድ መቀመጫ እንደ ሌሎቹ ኮሌጆች ከእንጨት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ በጋ ተነቅሎ ወደ ኋላ በተተከለ ነበር። ሜዳው ሰፍቶ፣ ውርወራው ተከልክሎ፣ ጨዋታው በዳር በዳር የሚያመልጡ ፈጣን ሯጮች ጨዋታ በሆነ ነበር። ዛሬ በመላው አሜሪካ ስሙ የሚጠራው ወርዋሪው፣ ኳርተርባክ የሚሉት፣ ኳስ ተቀብሎ ለሯጭ ከሚያቀብል ሰው የማይበልጥ ይሆን ነበር። ሃርቫርድ አርማታ ሲያፈስ ይህን ሁሉ የወሰነ አልመሰለውም።

በሴፕቴምበር 5 ቀን 1906 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በዋኪሻ ከተማ፣ የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲው ብራድበሪ ሮቢንሰን ከካሮል ኮሌጅ ጋር ሲጫወት ኳሱን ወደ ፊት ወረወረ። ማንም ሳይነካው መሬት ወደቀ፤ በዚያን ጊዜ ሕግም ኳሱ ለተጋጣሚው ተሰጠ። ኋላ ግን ደግሞ ወረወረ፤ ጃክ ሽናይደር ተቀብሎ ተችዳውን አስቆጠረ። አሠልጣኙ ኤዲ ኮኬምስ በዚያ ዓመት አንድም አልተሸነፈም። ታላላቆቹ የምሥራቅ ኮሌጆች ግን ገና ፊታቸውን አላዞሩም።

የውርወራውን ጥቅም ፈጥኖ የተረዳው ካርላይል ነው። ካርላይል የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወገናቸው ለይቶ ቋንቋቸውንና ልማዳቸውን ሊያስጥል በ1879 በፔንሲልቬኒያ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነበር፤ ይህን በደል ሳይጽፉ ስለ ድላቸው ብቻ መጻፍ አይገባም። ልጆቹ በክብደት ከተጋጣሚዎቻቸው ያንሱ ነበር። በ1907 በውርወራው ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲን 26 ለ 6 ረቱ። በ1912 ጂም ቶርፕ ያለበት ቡድን ዌስት ፖይንት ድረስ ሄዶ የጦር አካዳሚውን 27 ለ 6 አሸነፈ፤ ከተሸነፉት መካከል ኋላ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የሆኑት ድዋይት አይዘንሃወር ነበሩ። ግፊያው እንደ ነበረ ቢቀጥል ኖሮ ክብደት ሁሉን በወሰነ፣ የእነዚህ ልጆችም ስም ይህን ያህል ባልተሰማ ነበር።

በምዕራብ ዳርቻ ደግሞ ቢሆን ኖሮ የምንለው ነገር በእውነት ሆነ። በ1906 ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ፉትቦልን ትተው ራግቢን ያዙ። ካሊፎርኒያ በ1915፣ ስታንፎርድም ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ፉትቦል ተመለሱ፤ ዘሩ ግን በምድሪቱ ቀርቶ ነበር። አብዛኛው ከካሊፎርኒያ የተሰበሰበ የአሜሪካ ራግቢ ቡድን በ1920 በአንትወርፕ ኦሎምፒክ ፈረንሳይን 8 ለ 0፣ በ1924ም በፓሪስ፣ በራሷ ሕዝብ ፊት፣ 17 ለ 3 ድል አድርጎ ወርቅ ወሰደ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሌላው መንታ መንገድ ነው። በ1906 የወጣው ሕግ ሯጩን ከኋላ መግፋትንና መጎተትን ጨርሶ አልከለከለም። በ1909 ደግሞ ሞት በዛ፤ የዌስት ፖይንት አንድ ካዴትና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ከሞቱት መካከል ነበሩ። በ1910 ሕጉ ተለወጠ፤ መግፋትና መጎተት ተከለከለ፣ ሰባት ሰው በመስመሩ ላይ እንዲቆም ታዘዘ። ይህ ትእዛዝ ከአራት ዓመት በፊት ሊወጣ ይችል ነበር፤ የጅምላው ግፊያ ሰው እንደሚገድል በ1905 የማያውቅ አልነበረምና። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የእነዚያ ልጆች ወላጆች ምናልባት ልጆቻቸውን ሲመረቁ ባዩ ነበር። ስለ ዋንጫና ስለ ውጤት ከሚነገረው ቢሆን ኖሮ ሁሉ እኔ ይህን አስቀድማለሁ።

አሁን የቺካጎን ነገር ልጻፍ። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በአሎንዞ ስታግ አሠልጣኝነት የገነነ ነበር፤ ዛሬ የሃይዝማን ሽልማት የሚባለውን የምርጥ ተጫዋች ሽልማትም በ1935 መጀመሪያ የወሰደው የቺካጎው ጄይ በርዋንገር ነው። ፕሬዝዳንቱ ሮበርት ሜይናርድ ሃቺንስ ግን ትምህርት ቤት የመዝናኛ ንግድ ሊይዝ አይገባም ባይ ነበሩ። በ1939 ቡድኑ በሚሺጋን 85 ለ 0 ተሸነፈ፤ በዲሴምበርም ሃቺንስ ፉትቦልን አስቀሩ። የስታግ ፊልድ ትሪቡን ያለ ተመልካች ቀረ። በኖቬምበር 1942 የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቻቸው ከምዕራቡ ትሪቡን ሥር ግራፋይትና ዩራኒየም ከመሩ፤ በዲሴምበር 2 ቀን የመጀመሪያውን ተከታታይ የኑክሌር ምላሽ አስነሡ። ሥራው አስቀድሞ የታሰበው ከከተማ ውጭ በአርጎን ጫካ ነበር፤ በዚያ ያለው ግንባታ በሠራተኞች አድማ ስለ ዘገየ ወደ ስታግ ፊልድ መጣ።

ሃቺንስ ፉትቦሉን ባያስቀሩት ኖሮ ኖቬምበር የግጥሚያ ወር ነውና በየቅዳሜው ብዙ ሺህ ሰው በዚያ ትሪቡን ላይ በተቀመጠ ነበር። ፌርሚም ሌላ ስፍራ መፈለግ፣ ወይም የአርጎንን ሕንፃ መጠበቅ ግድ በሆነባቸው ነበር። ሳምንታት በሚቆጠሩበት ጦርነት ያ መዘግየት አቶሚክ ቦምብ በጃፓን ላይ እስከ ወደቀበት እስከ ኦገስት 1945 ምን ያህል በተዘረጋ ነበር?

ቺካጎ በ1946 ቢግ ቴን ከሚባለው የኮሌጆች ውድድር ማኅበር ወጣች፤ ስፍራዋንም ኋላ ሚሺጋን ስቴት ያዘ። በ1969 ፉትቦል ወደ ቺካጎ ተመለሰ። ለተጫዋቾቹ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጣቸውም፤ የሚገጥሟቸውም እንደ እነርሱ ያለ ስኮላርሺፕ የሚጫወቱ ኮሌጆች ናቸው። በ1905 በኒው ዮርክ ጨዋታው ይታደስ ብለው ድምፅ የሰጡት ሰዎች በልባቸው ያሰቡት ይህን የመሰለውን ጨዋታ ይመስለኛል።