ባዶ የሚመስል መሬት
የተኩስ ሜዳ፣ የጥይት ግምጃ ቤትና እየሰፋ የሚሄድ ከተማ

ከሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ መሐል ከተማ የሚጓዝ ሰው ዛሬ በግራም ሆነ በቀኝ የሚያየው ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ መኖሪያ ቤትና ሱቅ ነው። ይህ አገር በአንድ ወቅት የአዲስ አበባ ዳርቻ እንደ ነበረ የሚያስታውሰው ሰው እየቀነሰ ሄዷል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የገባው በዚሁ በደቡቡ በኩል፣ አቃቂን አልፎ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የሬዲዮ ጣቢያና የአውሮፕላን ማረፊያ የተሠሩት በአቃቂ ሜዳ ላይ ነበር። «ንፋስ ስልክ» የሚለው የሰፈር ስምም ሕዝቡ ሽቦ የሌለውን ስልክ የጠራበት ስም ነው።

እነዚህን ሥራዎች ሁሉ ወደ ደቡብ ያመጣቸው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ሰፊ ባዶ መሬት መፈለጋቸው ነው። ባዶ መሬት የሚፈልጉ ሌሎች ሥራዎችም አሉ። የተኩስ ሜዳና የጥይት ግምጃ ቤት ከእነዚህ ውስጥ ዋነኞቹ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከተማ እየሰፋ ሲመጣ እንዲህ ያሉት ሥፍራዎች ምን እንደሚገጥማቸው፣ አንዳንዶቹ በጊዜው ሲዘጉ ሌሎቹ ለምን ሳይዘጉ እንደሚቆዩ በታሪክ ምሳሌ መመርመር ነው። የሩቁን ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር፣ የቅርቡን ደግሞ ከዚሁ ከሳሪስ ጎረቤት ከንፋስ ስልክ እንወስዳለን።

የተኩስ ሜዳ ምንድር ነው?

የተኩስ ሜዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ተኳሹ የሚተኛበትን መደብና ዒላማው የተተከለበትን የአፈር ጉብታ ነው። ይህ ግን የሜዳው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ከጉብታው በስተ ኋላና በግራ በቀኝ ያለው፣ ሰው የማይኖርበትና ከብት የማይሰማራበት የአደጋ ክልል ነው። ለስፖርት የምታገለግለው ትንሿ የ5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት እንኳ ወደ ላይ አጋድላ ከተተኰሰች እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። የ7.62 ሚሊ ሜትር የጦር ጠመንጃ ጥይት ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሊጓዝ ይችላል። ዒላማው በ100 ሜትር ላይ ቢተከልም ተኳሹ ሲሳሳት ወይም ጥይቱ ከድንጋይ ላይ ነጥሮ ሲነሣ የሚያርፍበትን ቦታ ማንም አይመርጥለትም። ስለዚህ ሜዳውን የሚያስጠብቀው ጉብታው ብቻ ሳይሆን ከጉብታው ወዲያ ያለው ርቀት ነው።

ይህ ርቀት በታሪክ አንድ ዓይነት ሆኖ አልቆየም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን የለበል ጠመንጃ ለጦራቸው ከሰጡ በኋላ ሌሎቹም መንግሥታት ተከተሏቸው። ጥይቱ ቀጠነ፤ ፍጥነቱ ጨመረ፤ የሚደርስበትም ሥፍራ ራቀ። በጥቁር ባሩድ ዘመን በቂ የነበረው ሜዳ ምንም ሳይነካ፣ አጥሩም ሳይፈርስ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠባብ ሆኖ ተገኘ።

የዊምብልደን ምሳሌ

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ተኳሾች ማኅበር በ1859 (እ.ኤ.አ.) ተቋቁሞ የመጀመሪያ ውድድሩን በሚቀጥለው ዓመት በለንደን ዳርቻ በዊምብልደን ሜዳ አደረገ። የመጀመሪያዋን ጥይት ንግሥት ቪክቶሪያ በመደገፊያ ላይ ከተጠመደ ጠመንጃ ተኰሱ። ውድድሩ በየዓመቱ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የታወቀ በዓል ሆነ። ነገር ግን በእነዚያ 30 ዓመታት ውስጥ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋለት የለንደን ዳርቻ በቤት እየተሞላ ወደ ሜዳው ተጠጋ። በአካባቢው መሬት የነበራቸው የካምብሪጅ መስፍንም ማኅበሩ ሥፍራውን እንዲለቅ ጠየቁ። መስፍኑ የጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ አዛዥ ስለ ነበሩ ተኩስን የሚጠሉ ሰው ናቸው ሊባሉ አይችሉም። ማኅበሩ የመጨረሻውን የዊምብልደን ውድድር በ1889 አድርጎ በሚቀጥለው ዓመት ከለንደን ርቆ ወደሚገኘው ወደ ቢዝሊ ተዛወረ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ዊምብልደን ሲመረጥ የተሳሳተ ሰው አልነበረም። ሜዳው በተመረጠበት ጊዜ ትክክለኛ ቦታ ነበረ። ስሕተት የሚሆነው ጠመንጃውና ከተማው ሁለቱም ሲለወጡ ሜዳው ብቻ እንደ ጥንቱ እንዲቀጥል ቢደረግ ነበር። ማኅበሩ 30 ዓመት የለመደውን፣ ስሙንም ያገኘበትን ሥፍራ መልቀቁ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ለቀቀ።

ሰፈር ከተማ ሲሆን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አሰፋፈሯ የጦር ሰፈርን ሥርዓት የተከተለ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ግቢ በመካከል፣ የመኳንንቱ ሰፈር ደግሞ እያንዳንዱ ከነሠራዊቱ በየጉብታው ላይ ሆኖ በመካከላቸው ወንዝ፣ ሜዳና ጫካ ይለያያቸው ነበር። ከዚህም የተነሣ ወታደርና ነዋሪ፣ ግምጃ ቤትና መኖሪያ ቤት በአንድ ከተማ ውስጥ ሲኖሩ የሚጠብቃቸው ይህ በመካከል የቀረ ክፍት መሬት ነበር።

ዘመናዊው ሠራዊት ሲደራጅም ነገሩ በዚሁ መንገድ ቀጠለ። በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ማሠልጠን ጀመሩ። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሚመራው የጦር ትምህርት ቤት ከዋና ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሆለታ ገነት ተከፈተ። በከተማው ውስጥና ዳር የተሠሩት ሌሎች የጦር ሰፈሮች ግን ከተማው አልፏቸው ሄደ። ዛሬ «ጦር ኃይሎች»፣ «አራተኛ ክፍለ ጦር»፣ «ፈጥኖ ደራሽ» ስንል የታክሲ መቆሚያና የመኖሪያ ሰፈር እየጠራን ነው። ስሞቹ ግን ከተማው ማንን ከቦ እንዳለፈ ይመሰክራሉ።

ከተማው የሰፋበትን ፍጥነት ለመገንዘብ የሕዝብ ቈጠራውን መመልከት ይበቃል። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 1,412,575 ነበር። በ1987 ዓ.ም. 2,112,737፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2,739,551 ሆነ። በ23 ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ይህ ሕዝብ ቤት የሠራው በአየር ላይ አይደለም፤ ባዶ በሚመስለው መሬት ላይ ነው።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን ማለዳ፣ በንፋስ ስልክ የነበረው የጥይት ግምጃ ቤት ፈነዳ። በዚያን ጊዜ በወጣው ዜና የሟቾቹ ቍጥር ወደ 100 እንደሚጠጋ ተገልጿል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን ስለ ነበረ የሚያውቀው የሰማውን ብቻ ነው። እናቴ እንደምትናገረው ጎረቤቱ ሁሉ በመጀመሪያ የመሰለው ጦርነቱ እንደ ገና የተጀመረ ነው፤ ወደ የት እንደሚሸሽ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ድምፁ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ይመስል ነበርና።

በዚያ ቀን ከተጎዱት መካከል ስማቸው በዓለም የተሰማ ሁለት ሰዎች ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. የኮረምን ረኀብ በፊልም አንሥቶ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚንና የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ የሚቃጠለውን ግምጃ ቤት ለመቅረጽ ተጠግተው ሳለ ተከታይ ፍንዳታ ደረሰ። ጆን ማታይ ሞተ፤ መሐመድ አሚን ግራ እጁን አጣ። የቀሩት ሟቾች ስም በጋዜጣ አልወጣም፤ በየቤታቸው ግን እስከ ዛሬ ይጠራል።

ከምሕንድስና አንጻር ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የጥይት ግምጃ ቤት አደጋ አንድ ጊዜ ጮኾ የሚያበቃ አይደለም። እሳቱ ከክምር ወደ ክምር ሲዛመት ትንሹ ፍንዳታ ለትልቁ መንገድ ይከፍትለታልና ለማየትም ሆነ ለመርዳት የሚሮጠው ሰው ወደ ሁለተኛው ፍንዳታ እየሮጠ ነው። ሁለተኛ፣ እሳቱን የጫረው ማንም ይሁን ምን፣ ጎረቤት የሚኖረው ሰው በሕይወት መትረፉ የሚወሰነው ከዚያ ቀን አስቀድሞ በተጠበቀው ርቀት ነው። ጥፋተኛን መፈለግ የዳኛ ሥራ ነው፤ ርቀቱን ማስጠበቅ ግን የእኛ ሥራ ነበር።

ርቀቱ ስንት ነው?

ይህ ጥያቄ መልስ ያጣ ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት፣ ሌክ ደንማርክ በሚባለው የባሕር ኃይል የጥይት ግምጃ ቤት ላይ በሐምሌ ወር 1926 (እ.ኤ.አ.) መብረቅ ወድቆ ብዙ ጥፋት ካደረሰ በኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1928 የፈንጂ ደኅንነትን የሚቈጣጠር ቋሚ ቦርድ እንዲቋቋም አድርጓል። ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት የጥይት አያያዝ መመሪያ ውስጥ የሚገኘው የታወቀ ስሌት የሚከተለው ነው። በግምጃ ቤቱ ያለው የተጣራ ፈንጂ ክብደት በኪሎ ግራም ይወሰድና ኪዩብ ሩቱ በ22.2 ይባዛል፤ ውጤቱ ከመኖሪያ ቤት ሊኖር የሚገባው ርቀት በሜትር ነው። ለአነስተኛ መጠን ደግሞ ስሌቱ ያነሰ ቢሰጥም የማይታለፍ ዝቅተኛ ርቀት ተወስኗል።

በዚህ ስሌት 1,000,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 1,000 ቶን፣ ፈንጂ ላለበት ግምጃ ቤት ርቀቱ 2,220 ሜትር ይሆናል። ይህም በክብ ሲታሰብ ወደ 1,550 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ማለት ነው። በዚያ ርቀት ላይ እንኳ መስኮት አይሰበርም ማለት አይደለም፤ ቤቱ በነዋሪው ላይ አይፈርስም ማለት ነው። እንግዲህ የግምጃ ቤቱ ግንብ ጥቂት ሄክታር ላይ ቢያርፍም ግምጃ ቤቱ በእውነት የያዘው መሬት 1,550 ሄክታር ነው። ካርታው ላይ የማይታየው ይህ የቀረው መሬት ነው። ለቤት ፈላጊው ባዶ ይመስለዋል፤ ለአስተዳደሩ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ቀንና ሌሊት ሥራ ላይ ነው።

ይህ መሬት በተወሰደበት ሁሉ ውጤቱ ተመሳሳይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 በሌጎስ ከተማ ኢኬጃ በሚባለው የጦር ሰፈር የተከማቸው ጥይት ፈንድቶ ከ1,000 በላይ ሰው ሞቷል፤ ብዙዎቹ የሞቱት በጨለማ ሲሸሹ ቦይ ውስጥ ገብተው ነው። በመጋቢት 2007 በማፑቶ፣ በመጋቢት 2012 በብራዛቪል፣ በመጋቢት 2021 በባታ ይኸው ተደግሟል። ሁሉም በከተማ ነዋሪ መካከል የተገኙ ግምጃ ቤቶችና የጦር ሰፈሮች ነበሩ።

መዝጋትም ምሕንድስና ነው

የተኩስ ሜዳ ወይም ግምጃ ቤት ሲዘጋ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ክርክር «ቀድሞ የነበረው ማን ነው?» የሚል ነው። ሜዳው ቀድሞ ነበረ፤ ቤቱ በኋላ መጣ፤ ስለዚህ ይነሣ የሚባለው ቤቱ ነው ይላል አንዱ ወገን። ክርክሩ በፍርድ ቤት ዋጋ ይኖረው ይሆናል። ጥይትና ፈንጂ ግን የይዞታ ማረጋገጫ አያነቡም። የተጠበቀው ርቀት ከጠፋ ያለው ምርጫ ሦስት ብቻ ነው፦ ሰዉን ማንሣት፣ ሥፍራውን መዝጋት ወይም የሚከማቸውን መጠን መቀነስ። የመጨረሻው አንዳንዴ ይረሳል፤ ነገር ግን ከስሌቱ እንደምናየው ርቀቱን በግማሽ ለመቀነስ ክምችቱን ወደ ስምንተኛ እጅ ማውረድ ስለሚያስፈልግ ከባድ ዋጋ ያለው መፍትሔ ነው።

መዝጋት ሲባልም በሩን ቈልፎ መሄድ አይደለም። በአሮጌ የተኩስ ሜዳ ጉብታ ውስጥ ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ እርሳስ አለ፤ አፈሩ ሳይመረመር ለቤት መሠረት ወይም ለጓሮ አትክልት ቢውል ሕፃናትን ይጎዳል። በፈነዳ ግምጃ ቤት ዙሪያ ደግሞ ሳይፈነዳ የተበተነ ጥይትና ቦምብ ይቀራል፤ ልጆች ብረት መስሏቸው ያነሡታል። ሥፍራው ለሌላ ሥራ ከመዋሉ በፊት ይህ ሁሉ ተጠርጎ በጽሑፍ መመዝገብ አለበት።

የማኅበራችን አባላት በየመሥሪያ ቤታችን ካርታ እናነሣለን፤ ፕላን እንፈርማለን፤ የግንባታ ፈቃድ እንመረምራለን። ዊምብልደንንና ንፋስ ስልክን የለያያቸው ሊቀ ጥበብ የሚሻ ዕውቀት አይደለም። በአንደኛው ቦታ «መሬቱ ባዶ አይደለም» የሚል ሰው በጊዜው ተናገረ፤ ተሰማም። በሁለተኛው ቦታ ግን ይህን የተናገረው ፍንዳታው ራሱ ነው። ስለዚህ በማናቸውም ፕላን ላይ ያልተጻፈበት ነጭ ቦታ ስናይ ከመፈረማችን በፊት ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነና ያ ባዶነት ለማን ሲል እንደ ተተወ እንጠይቅ። ለመጠየቅ የሚፈጀው አንድ ቀን ነው። ሳይጠየቅ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው ፕላኑን ያልፈረመው ሰው ነው።