የጣና አዳኝ ጉማሬን ለምን አይጠራም ነበር?

በአውሮፓ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች የስሪያውን ወቅት ይጠብቃሉ። ወንዱ በመስከረምና በጥቅምት ሲያገሳ አዳኙ እንደ ተቀናቃኝ ሆኖ ቀንድ ይነፋበታል፤ እንስሳው በራሱ እግር ይመጣል። በወረታና በፎገራ ዙሪያ ስማቸው በአደን የሚነሳው የጣና ዳር ወይጦዎች ግን ጉማሬን የሚገድሉት በደንገል ታንኳ ተጠግተው በጦር ነበር። ይህን የብልሃት ማነስ አድርጎ የሚያይ ይሳሳታል። ጥሪ የሚያዋጣው እንስሳውና ምድሩ ሲፈቅዱ ነው፤ ፎገራ ላይ ሁለቱም አልፈቀዱም።

የአጋዘን ስሪያ በየዓመቱ አንድ ሰሞን ላይ የሚወድቀው የቀኑ እያጠረ መሄድ ስለሚቀሰቅሰው ነው። ወረታ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ዘመን የሚቆጥረው ውኃው ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፤ በበጋ ውኃው ሲሸሽ ጉማሬ በቀረው ውኃ ይሰበሰባል፣ በአብዛኛው የሚጠቃውም ያኔ ነው። እንግዲያውስ ያን ጊዜ ለምን አይጠራም? የጉማሬ ድምፅ ርቆ የሚሰማ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። በሞዛምቢክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት መልሱን ይጠቁማል፦ ተመራማሪዎች የተቀዳ ድምፅ ሲያሰሙ ጉማሬዎቹ ይበልጥ የተቆጡት በማያውቁት መንጋ ድምፅ ነበር። ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ኮርማን አስቆጥቶ ወደ ደንገል ታንኳ መጥራት ሞትን መጥራት ነው። የወይጦ ብልሃት ዝምታው ላይ ነበር።

ጥሪ አፍሪካ ውስጥም አለ የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። የኮንጎ ጫካ አዳኞች አፍንጫቸውን ይዘው የሚዳቋን የጭንቅ ድምፅ ያሰማሉ። ነገር ግን ያ የስሪያ ጥሪ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። የሚያስፈልገውም ዐይን ጥቂት እርምጃ እንኳ በማያይበት ጥቅጥቅ ጫካ ነው። ፎገራ ግን ዐይን ርቆ የሚያይበት ገላጣ ሜዳ ነው።

የወይጦዎች የአደን ዕውቀት ግን ክብር አላገኘም። ዝሆንና ጎሽ ለገደሉ መኳንንት ሲፎከርላቸው፣ ወይጦ ጉማሬ በመብላቱ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤቱ ናቀው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው የጣና መጽሐፉ ስለ ወይጦዎች ጽፏል፤ የራሳቸው ቋንቋ ግን ሳይመዘገብ ጠፋ። አደኑም ቀርቷል፤ ወይጦዎች ዛሬ የሚኖሩት ዓሣ በማስገርና ደንገል በመሥራት ነው። የደቡብ ጎንደር የባህል ባለሙያዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳያልፉ የውኃውን፣ የታንኳውንና የጦሩን ዕውቀት ይጻፉልን።