ስምን ደብቆ በሽታን መግለጥ

ቶጎጫሌ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኮንትሮባንድ ነው። ሩዙና ልባሽ ጨርቁ ይገባል፣ ጫቱ ወደ ሐርጌሳ ይወጣል፣ ፈታሹ መሐል ላይ ቆሞ ያያል። ስለ ከተማዋ ጠጪ ግን የሚያወራ የለም። ለምን ይወራል? ከድንበሩ ማዶ፣ በሶማሌላንድ፣ አልኮል በሕግ የተከለከለ ነው። ከድንበሩ ወዲህ ሕጉ ይፈቅዳል፣ የአብዛኛው ነዋሪ ሃይማኖት ግን አይፈቅድም። ስለዚህ የሚጠጣው ሰው፣ የከባድ መኪና ሾፌርም ይሁን ከደጋ የመጣ ሠራተኛ ወይም የከተማዋ ልጅ፣ ተደብቆ ይጠጣል። በጫት አገር ደግሞ ሰበቡ ቅርብ ነው፤ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ተብሎ የተጀመረው፣ ውሎ አድሮ ያለ ጫትም ይቀጥላል።

ተደብቆ መጠጣት አይከብድም። የሚከብደው መተው ሲፈለግ ነው። እርዳታ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መጠጣቱን መናገር አለበትና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እሺ፣ መናገር ቤተሰብ በሚያሳፍርበት ከተማ የሚኖር ሰውስ ምን ይሁን?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች በታሪክ ተሞክረዋል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልን)።

የመጀመሪያው የአደባባይ መልስ ነው። በ1840 በአሜሪካዋ ባልቲሞር ስድስት ጠጪዎች እዚያው መጠጥ ቤት ውስጥ ዳግም ላይቀምሱ ተማማሉ። ማኅበራቸውንም በጆርጅ ዋሽንግተን ስም «ዋሽንግተናውያን» አሉት። የተወው ሰው መድረክ ላይ ይወጣል፣ ገመናውን ይዘረግፋል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ አዲሱም ጠጪ በሕዝብ ፊት ይፈርማል። ብዙ ሺሕ ሰው ፈረመ። ግን መጠጥ በሕግ ይታገድ አይታገድ የሚለው ክርክር ገባበት፣ ፖለቲካው ጎተተው፣ 1840ዎቹ ሳያልቁም ተዳከመ። በአደባባይ ፈርሞ መልሶ የወደቀ ሰው ደግሞ የሚወድቀው በአደባባይ ነው።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከአንድ ሆቴል ስልክ ነው። በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ አክሲዮን ነጋዴ፣ መጠጥ ከተወ ወራት ብቻ ሆኖት፣ ኦሃዮ ውስጥ አክረን ከተማ ንግዱ ከሽፎበት ቆሟል። የሆቴሉ ቡና ቤት ይጣራል። እሱ ግን የአብያተ ክርስቲያናቱን ዝርዝር አይቶ ለአንድ ቄስ ደወለ፤ የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ፈልጎ! ስልክ ስልክን እየወለደ ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኙ። ዶክተሩ ሩብ ሰዓት ብቻ ሊቀመጥ ነበር የመጣው፤ ከስድስት ሰዓት በላይ አወሩ። ቢል አልገሠጸውም፣ አልሰበከውም፤ የራሱን ታሪክ ነገረው። ዶክተሩ አንዴ ተመልሶ ወደቀ። ከዚያ የመጨረሻውን ጠጣ፤ ያ ቀን፣ ሰኔ 10 ቀን 1935፣ «አልኮሊክስ አኖኒመስ» የተመሠረተበት ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ ይታሰባል።

«አኖኒመስ» ማለት ስሙ ያልታወቀ ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ማኅበር ሰው በሽታውን ይገልጣል፣ ስሙን ይደብቃል። የአባት ስም አይጠየቅም፣ የሰማኸው እዚያው ይቀራል፣ የአባልነት መዋጮ የለም። መግቢያው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው። በ1950 ያጸደቋቸው 12 ልማዶችም ማኅበሩ በውጭ ክርክሮች ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ዋሽንግተናውያንን የጣለው እሱ ነበርና። የሶማሌ ልጅ ከሕፃንነቱ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም መቁጠር ይማራል። በስም ሐረጉ በሚታወቅበት አገር፣ ለአንድ ሰዓት ያለ ሐረግ መቀመጥ ምን ያህል እፎይታ እንደሚሆን አስቡት።

«ይሄ የፈረንጅና የክርስቲያን ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። ጅማሬውስ አዎ። ግን ከዚሁ ሥር የበቀለው የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞች ማኅበር ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከሰፋባቸው አገሮች አንዷ ኢራን ናት፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ስብሰባዎች አሏት። ስብሰባ ለሌለበት ቦታ ደግሞ መላ የተገኘው ገና በ1940ዎቹ ነው። መርከበኞችና ራቅ ብለው የሚኖሩ አባላት በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። ደብዳቤው ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ሆኗል።

በእኛም አገር ሰው ብቻውን አይተውም ነበር። ክርስቲያኑ በንስሐ አባቱ ይገዘታል፣ ጸበል ይገባል፤ ሙስሊሙ ተውበት ያደርጋል። እነዚህ ሰውን ከፈጣሪው ጋር ያስታርቃሉ። የጎደለው በሦስተኛው ቀን ማታ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ «እኔም እንዲህ አድርጎኝ ነበር» የሚል ሰው ነው። የደጋው ሰው ማኅበር አለው፤ ግን ጽዋው በጠላ ይሞላል፣ መጠጥ የተወ ሰው ማኅበሩም ይርቀዋል።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም፤ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ባንዴ ሲያቆም ሊያንፈራግጠው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ ሐኪም! ከቶጎጫሌ ጅጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሆስፒታል አለ።

ከሐኪሙ በኋላስ? ስብሰባው የት ነው ብሎ ለሚጠይቅ የአክረን ታሪክ መልስ አለው። ቢል ዊልሰን ስብሰባ አላገኘም፤ ያኔ ስብሰባ የሚባል ነገር አልነበረም። ያገኘው አንድ ሰው ነው። አዳራሽ፣ ማኅተም፣ ፈቃድ አላስፈለጋቸውም። በቶጎጫሌም ተደብቆ የሚጠጣው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ አንድ ጥግ ሻይ ይዘው ከተቀመጡ፣ በሶማሊኛም ይሁን በአማርኛ፣ ስብሰባው ተጀመረ ማለት ነው።