የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እና የሕክምና ትምህርት ወደ ገጠር መውረድ

በኢትዮጵያ የሕክምና ዕውቀት ከጥንት ጀምሮ በሁለት መንገድ ሲተላለፍ ኖሯል። አንደኛው የመጽሐፍ መንገድ ነው፤ ደብተራው መጽሐፈ መድኃኒቱን እየገለበጠ ከመምህሩ የሚቀበለው ነው። ሁለተኛው ወጌሻና አዋላጅ ከወላጅ ወይም ከዘመድ እያዩ የሚለምዱት የእጅ ጥበብ ነው። በተለይ የመጀመሪያው በምስጢር ይጠበቅ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ሲገባ ምስጢርነቱ ቀረ፤ ርቀቱ ግን አልቀረም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተማሩት በሕንድና በስኮትላንድ ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላም ለብዙ ዘመን ሐኪም ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። ተምሮ ሲመለስም ሆስፒታሉ ያለው በከተማ ስለ ሆነ በዚያው ይቀር ነበር።

ይህን ልማድ ለመለወጥ ምክንያት የሆነው ንዳድ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ ይቈጠራሉ) ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጀ። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ከማደር ይጠነቀቃል፤ ይህ ጥንቃቄ ግን እዚያው ለሚያርሰው ገበሬ ምንም አይጠቅመውም። በ1954 መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የፖይንት ፎር ርዳታ ጋር በመተባበር በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ አቋቋመ።

ኮሌጁ ያሰበው ሐኪሞችን ለማብዛት አልነበረም። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቦታ ሠልጥነው በአንድ ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ፣ አንዱም ጣቢያ እስከ 50,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታቀደ። ተማሪዎቹ ለልምምድ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ብቻ የተማረ ሰው በሽተኛው ከመጣ በኋላ ያለውን ያውቃል፤ የሚጠጣውን ውሃና የሚያድርበትን ጎጆ ግን አያይም። ሆስፒታል ለመድረስ አቅም ያጣውን ሰውማ ጨርሶ አያየውም። በጎንደር የትምህርቱ ቦታ መለወጥ በሽተኛ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ጭምር ለወጠ።

ይሁን እንጂ የሰው ኀይሉ ጥቂት ነበር። በ1958 በአገሪቱ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። በሌላ በኩል የጤና መኮንኑ ከሐኪምና ከድሬሰር መካከል የቆመ፣ ሕዝቡ «ሐኪም» እያለ የሚጠራው፣ የመንግሥት መዝገብ ግን በዚህ ስም የማያውቀው ሰው ሆነ። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት ከጤና መኮንኖቹ ብዙዎቹ ሐኪም ለመሆን ወደ ትምህርት ተመለሱ። ይህን ገጠርን እንደ መክዳት መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። ከባዱን ሥራ ሰጥቶ የማዕርጉን መሰላል አጭር ያደረገው ሥርዓቱ ራሱ ነበርና።

በ1978 ጎንደር በላይፕሲግ ከተማ ካለው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ኮሌጅ ሆነ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠናም ተቋረጠ። እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው፤ ከ2005 ወዲህ ደግሞ ለአዳዲሶቹ ጤና ጣቢያዎች የሚበቃ የሰው ኀይል ለማግኘት በተፋጠነ መርሐ ግብር ሰፋ። በጎንደር የልዩ ልዩ የጤና ሙያ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ የሚላኩበት ሥርዓት አሁንም አለ።